ድምዳሜው የቱ ነው? ጅማ ሆኜ ለኤልሳት ያጠናሁበት መንገድ

የምሠራው ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን በር ላይ ነው። ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ የገባውን ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ እመዘግባለሁ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ሕግ የመማር ፍላጎት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁትን ኤልሳት የሚባል ፈተና ማጥናት ጀመርኩ። ስጀምር በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ከእኔ በኋላ የሚጀምር ሰው ያን ያህል እንዳይደናበር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

በቅድሚያ ለማን እንደሚያስፈልግ እንለይ። ኤልሳት የሚጠየቀው በአሜሪካ ጄዲ ለሚባለው የሦስት ዓመት ዲግሪ ነው። እዚህ አገር ኤልኤልቢ ይዛችሁ ለማስተርስ፣ ማለትም ለኤልኤልኤም የምታመለክቱ ከሆነ በአብዛኛው አይጠየቅም። አገር ውስጥ ሕግ ለመማርም አይጠየቅም። ቤት ውስጥ የ12ኛ ክፍል አፕቲትዩድ የሚጠብቅ ታናሽ ካለ ግን ይህን ጽሑፍ አስነብቡት፤ አስተሳሰቡ ይጠቅመዋል።

ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ከፈረንጆቹ ኦገስት 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ቀርቷል። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። አራተኛው ለሙከራ የሚገባ ነው፤ ነጥብ የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። እንግዲህ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚወሰነው በሎጂካል ሪዝኒንግ ነው ማለት ነው። የድሮ መጽሐፍ ከሰው ከተዋሳችሁ የጌም ምዕራፎቹን ዝለሏቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት አጥፍቻለሁ።

በአንድ የሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍል ውስጥ ከ24 እስከ 26 ጥያቄ ይኖራል። አጭር አንቀጽ፣ ከሥሩ ጥያቄ፣ ከዚያ አምስት ምርጫ። የሕግ እውቀት አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ሰው ያቀረበውን ክርክር ሰምቶ፣ "ካልከው ተነስተህ እዚህ ለመድረስ የዘለልከው ነገር አለ" ማለት መቻል ነው።

የመጀመሪያውን ልምምድ ስሠራ ከ25 ጥያቄ 11 አገኘሁ። እንግሊዝኛዬ ነው ብዬ ቃላት መሸምደድ ጀመርኩ። ለውጥ የለም። ቆይቼ የሳትኳቸውን አንድ በአንድ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ድምዳሜውን ግን ስቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ድምዳሜ ነው ብዬ የያዝኩት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነበር።

ይህ የመጣው ከቋንቋችን ይመስለኛል። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። "ዝናብ ስለጣለ፣ መንገዱም ስለተበላሸ፣ መኪናው ዘገየ" እንላለን። ምክንያቱ ይደረደራል፣ ፍሬው መጨረሻ ይመጣል። ጆሯችን እሱን ለምዷል። የፈተናው እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ድምዳሜውን ከፊት ያመጣና ምክንያቱን ከኋላ ያስከትላል። አንዳንዴ ደግሞ መሐል ላይ ይሸጉጠዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ተራ ማስረጃ ይሆንና እኛ እሱን ድምዳሜ ብለን እንይዛለን።

መድኃኒቱም ያው አማርኛ ነው። አንቀጹን አንብቡና በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አሳጥራችሁ ተናገሩት፦ "እንዲህ ስለሆነ፣ እንዲህም ስለሆነ፣ እንግዲህ እንዲህ ነው።" "ስለ" የሚለውን የምታስገቡበት ሁሉ ማስረጃ ነው፤ የቀረው ድምዳሜ ነው። ከተጠራጠራችሁ ገልብጣችሁ ሞክሩት። እንበል አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ "ማዘጋጃ ቤቱ የወንዙን ዳር ማስጠረግ አለበት። ወንዙ በየክረምቱ ሱቆች ውስጥ ይገባል። የሚሞላውም ቆሻሻ ስለደፈነው ነው።" "ቆሻሻ ስለደፈነው ይሞላል፣ ሞልቶም ሱቅ ስለሚገባ፣ ዳሩ ይጠረግ" ሲባል ጆሮ ይቀበለዋል። "ዳሩ መጠረግ ስላለበት ወንዙ ይሞላል" ሲባል ግን ልጅም ይስቃል። በእንግሊዝኛ የማይሰማ ስህተት በአማርኛ ይጮሃል።

እኔ የምለማመደው እማዬ ላይ ነው። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ግን በእድርም በጎረቤትም ነገር ሲነሳ ሰው ልኮ የሚያስጠራት ሴት ናት። ማታ ራት ከተበላ በኋላ አንድ ጥያቄ በአማርኛ እነግራታለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አልኳት፦

"እማዬ፣ አንድ መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ተሠራ። ከተሠራ ወዲህ በዚያ መንገድ የባጃጅ አደጋ ቀነሰ። ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው የፍጥነት መቀነሻው ነው። ትክክል ነው?"

ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል "ባጃጆቹ በዚያ መሄድ ትተው እንደሆነስ?" አለችኝ። "እኔ ብሆን ጎማዬን በጉብታ አላስመታም፤ በጓሮ እዞራለሁ።"

ከዚያ በፊት ምርጫዎቹን ሳይ አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጅቼ ነበር። መልሱ ቃል በቃል ባይሆንም እሷ ያለችው ነው። ልዩነታችን አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ምርጫዎቹን አላየችም። አምስቱ ምርጫዎች የተጻፉት ሐሳብን ለመበተን ነው፤ አራቱ ስህተት ናቸው፤ ከአራቱም ውስጥ አንዱ ወይም ሁለቱ ቆንጆ ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ቅደም ተከተሌ ይህ ሆነ። መጀመሪያ የጥያቄውን ግንድ አነባለሁ፤ ክርክሩን አዳክም ነው ወይስ አጠናክር የሚለኝ የሚለውን ለማወቅ። ከዚያ አንቀጹን። ከዚያ ምርጫዎቹን በእጄ ሸፍኜ "እማዬ ምን ትል ነበር?" እላለሁ። አንድ ነገር ከአፌ ሳይወጣ እጄን አላነሳም።

አሁን ስለ ትናንሽ ቃላት ልንገራችሁ። ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

"ሳም" የሚለውን "አንዳንድ" ብለን እንተረጉመዋለን። እኛ "አንዳንዶቹ መጡ" ስንል የቀሩ አሉ ማለታችን ነው። በፈተናው ግን "ሳም" ማለት ቢያንስ አንድ ማለት ነው፤ ሁሉም መጥተው ሊሆን ይችላል። "ሞስት" ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው፤ እሱም ሁሉም ሊሆን ይችላል። ይህን ግድግዳዬ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ከዚህ የባሰው "ሁሉም" ከአሉታ ጋር ሲመጣ ነው። መጋዘን ውስጥ "ሁሉም ሠራተኞች አልመጡም" ብዬ ለሁለት ባልደረቦቼ ተናገርኩ። አንዷ "ማንም የለም እንዴ?" አለች። ሌላኛው "እነማን ናቸው የቀሩት?" አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ትርጉም። "ኖት ኦል" ሲመጣ "ቢያንስ አንዱ ቀርቷል" ብላችሁ ለውጡት። "ነን" (none) ሲመጣ "አንድም የለም" በሉት። "ሁሉም አል..." የሚለውን አነጋገር በጥናት ሰዓት ጨርሶ አትጠቀሙበት።

"አንለስ" ሌላው ነው። "ካልዘነበ በስተቀር ቡናውን እናሰጣለን" አይደለም ወይ የምንለው? ይህ የሚነግረን ካልዘነበ እንደምናሰጣ ብቻ ነው። ከዘነበ ምን እንደምናደርግ አልነገረንም። በኑሮ ውስጥ "ከዘነበማ አይሰጣም" ብለን እንጨምርበታለን፤ ፈተናው ግን ያልተነገረውን እንድንጨምር አይፈቅድም።

"ኢፍ" (ከሆነ) እና "ኦንሊ ኢፍ" (ከሆነ ብቻ) ላይ ሳምንታት ፈጅቻለሁ። የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ሥራ ቦታ፣ ኅዳር ላይ ነው። በራችን ላይ "ያልደረቀ ቡና አይገባም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንድ አባት ከማና በኩል አራት ኬሻ ጀንፈል በአህያ ጭነው መጡ። ተቀባዩ እጁን ኬሻው ውስጥ አስገብቶ አወጣና "አባባ፣ ይሄ አይገባም" አላቸው።

"አልደረቀም?"

"ደርቋል።"

"ታዲያ ወረቀቱ ያልደረቀ አይገባም ነው የሚለው። የኔ ደርቋል፣ ስለዚህ ይገባል።"

ጀንፈሉ ውስጥ አፈርና ጭራሮ ተቀላቅሎ ነበር። ተቀባዩ ያን አሳያቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሱም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቆምኩ። ለሳምንታት ስሳሳት የነበርኩት ልክ እንደዚህ ነው። ወረቀቱ የሚለው "ካልደረቀ አይገባም" ነው። ይህ ማለት የገባ ሁሉ ደርቋል ማለት ነው። የደረቀ ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። መድረቅ የግድ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሰውየው ግን ሊወቀሱ አይገባም። ሌላውን ሁኔታ ማንም አልጻፈላቸውም፤ ከንጋት ጀምሮ ነው የተጓዙት። ለቃሚዎቹ ሴቶች ሰፌድ አዋሷቸውና እዚያው በረንዳው ላይ አበጥረው አሥር ሰዓት ሳይሞላ አስገቡ። እኔም ከወረቀቱ ሥር "አፈርና እንጨት የተቀላቀለበትም አይገባም" ብዬ ጻፍኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ ይህን አሰፈርኩ፦

ገባ → ደርቋል
አልደረቀም → አልገባም

ቀስቱ በእነዚህ ሁለት መንገዶች ብቻ ነው የሚሄደው። "ደርቋል → ገባ" የአባባ ስህተት ነው። "አልገባም → አልደረቀም" ደግሞ የዚያው ስህተት ወንድም ነው። ከምርጫዎቹ መካከል ከእነዚህ አንዱን ስታዩ ሰርዙት። "ኦንሊ ኢፍ" ሲመጣ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሁልጊዜ ቀስቱ የሚያመለክተው ነገር ነው፤ የግድ የሚያስፈልገው ማለት ነው።

ይህን ከያዛችሁ የአሰምፕሽን ጥያቄዎች ይቀላሉ። አሰምፕሽን ማለት ተናጋሪው ሳይናገር የተደገፈበት ነገር ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ እኔ በአንድ ምሳሌ ነው የምለያቸው። "ይህ ጀንፈል ከጎማ ወረዳ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ጥሩ ዋጋ ያወጣል" አለ አንዱ። ክፍተቱ በጎማና በዋጋ መካከል ነው። ሰፊሼንት ሲሉን ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ የሚደፍን እንፈልጋለን፤ "ከጎማ የመጣ ጀንፈል ሁሉ ጥሩ ዋጋ ያወጣል" የሚለው ይደፍነዋል። ኔሰሰሪ፣ ማለትም ክርክሩ እንዲቆም የግድ የሚያስፈልገውን፣ ሲሉን ግን ያን ያህል ትልቅ ነገር አያስፈልገንም። "ከጎማ የመጣ ጀንፈል ቢያንስ አንዱ ጥሩ ዋጋ ያወጣል" የሚለው መልስ ይሆናል። እንዴት አውቃለሁ? እገለብጠዋለሁ፦ "ከጎማ የመጣ አንድም ጀንፈል ጥሩ ዋጋ አያወጣም።" ክርክሩ ፈረሰ። ሲገለበጥ ክርክሩን የሚያፈርስ ምርጫ የኔሰሰሪ መልስ ነው። ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ፤ የ"ሁሉም" ግልባጭ "አንድም" አይደለም፤ "ቢያንስ አንዱ አይደለም" ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚሰማ ምክር አለ፤ "እንደ 'ሁሉም' ያለ ጠንካራ ቃል ያለበትን ምርጫ ሁሉ ሰርዝ" የሚል። አትስሙት። አንቀጹ ውስጥ ካለው ተነስቶ የግድ እውነት የሚሆነውን ፈልግ ሲላችሁና በኔሰሰሪ ጥያቄ ላይ ለስላሳው ምርጫ ይሻላል። አጠናክር፣ አዳክም ወይም ሰፊሼንት ሲላችሁ ግን ጠንካራው ብዙ ጊዜ መልሱ ነው።

ፍሎው የሚባሉት፣ ማለትም የክርክሩን ግድፈት ጥራ የሚሉት፣ ተደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ስማቸውን በአማርኛ አውጡላቸው። እኔ ያወጣሁት እንዲህ ነው፦ "ተከታትሎ መጣ እንጂ እሱ አላመጣውም"፣ "ከጥቂት አይቶ ለሁሉም ፈረደ"፣ "ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መታ"፣ "አልተረጋገጠም ማለትን ውሸት ነው አለው"፣ "የአባባ ወረቀት"።

አንዱን ግን በቁጥር ላሳያችሁ፤ እኔን ብዙ ስላታለለኝ። "አምና ከመጣው ቡና 10 ከመቶ ተመለሰ። ዘንድሮ የተመለሰው 5 ከመቶ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የተመለሰው ቡና ከአምናው ያንሳል።" ልክ ይመስላል አይደል? አምና የመጣው 1,000 ፈረሱላ ቢሆን የተመለሰው 100 ነው። ዘንድሮ 3,000 ቢመጣ የተመለሰው 150 ነው። መቶኛው በግማሽ ወርዶ የተመለሰው ግን ጨምሯል። መቶኛና ቁጥር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሲገናኙ "ጠቅላላው ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ልምምዱ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ የሚባለው ድርጅት ነው። ሎው ሃብ የሚባል ድረ ገጹ ላይ በነፃ አካውንት ስትከፍቱ እውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎች ታገኛላችሁ። በእነሱ ጀምሩ። ከየቦታው የተለቃቀመ "የሎጂክ ጥያቄ" አትሥሩ፤ የእውነተኛው ፈተና አጻጻፍ ራሱን የቻለ ነው፤ ጆሮ መልመድ ያለበትም እሱን ነው።

በቀን 10 ጥያቄ በቂ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እኛ ጋ ሥራ ስለሚበዛ እኔ ወደ አራት አወርደዋለሁ። ቁም ነገሩ ከሠራችሁ በኋላ ያለው ነው። መልሱን ከማየታችሁ በፊት የተጠራጠራችሁባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ሥሩ። ሁለተኛውን መልሳችሁን ከመጀመሪያው ጎን ጻፉ። ከዚያ ነው መልሱ የሚታየው። በሰዓት ስታችሁት ያለ ሰዓት ካገኛችሁት ችግሩ ፍጥነት ነው። ሁለቴም ከሳታችሁት ነገሩ አልገባችሁም። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

የሳትኩትን በደብተር እጽፋለሁ። ሦስት ነገር ብቻ፦ ድምዳሜው ምን ነበር፣ በጎተተኝ ስህተት ምርጫ ውስጥ የትኛው ቃል ነው ያታለለኝ፣ ትክክለኛውን ለምን ገፋሁት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ትክክለኛውን መልስ ብዙ ጊዜ የገፋሁት አንቀጹ ውስጥ የሌለ አዲስ ነገር ስላመጣ እንደነበር ያወቅሁት ከደብተሬ ነው። በአዳክም ጥያቄ ላይ ግን አዲስ ነገር ማምጣት ይፈቀዳል። የእማዬ የጓሮ መንገድም አንቀጹ ውስጥ አልነበረም እኮ።

ሰዓት መያዝ የጀመርኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። 35 ደቂቃ ለ25 ጥያቄ ሲካፈል ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ነው። ግን እኩል አታካፍሉት። ጥያቄዎቹ በጥቅሉ ወደ ኋላ እየከበዱ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቶሎ ሠርታችሁ ትርፍ ሰዓት ያዙ። "ከዚህ ክርክር ጋር አንድ ዓይነት አካሄድ ያለው የቱ ነው" የሚሉት ረጃጅም ናቸው፤ ምልክት አድርጌባቸው አልፋለሁ፣ በመጨረሻ እመለሳለሁ። ፈተናው በኮምፒዩተር ስለሆነ ስክሪን ላይ ማንበብ ልመዱ። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ ሙሉ ፈተና የምሠራው እሑድ ጠዋት፣ ቻርጁ ሙሉ ሲሆን ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን ለደብተሩ ይመቻል። ከቤት ወይስ በፈተና ጣቢያ እንደምትፈተኑ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ ደንቡ ይቀያየራል። ክፍያው በዶላር ነው፤ የሚከፍልላችሁን ዘመድ ቀደም ብላችሁ አናግሩ።

ስህተት መልስ ነጥብ አይቀንስም። ሁለት ደቂቃ ሲቀር የምሠራውን አቆምና ባዶ የቀሩትን ሁሉ በአንድ ፊደል እሞላለሁ። የእኔ ሲ ነው። የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ከአሁኑ አንድ ፊደል ያዙና በዚያ ሰዓት የትኛውን ልሙላ በሚል ሐሳብ ሴኮንድ አታጥፉ።